ከርዕስ እስከ ንጹሕ ቅጂ፦ ለ7ኛና ለ8ኛ ክፍል ተማሪዎች ድርሰት እንዴት እናስተምር?

በብዙ ትምህርት ቤቶች ድርሰት የሚሰጠው እንዲህ ነው። ሰሌዳ ላይ ርዕስ ይጻፋል፤ «ለሰኞ አንድ ገጽ ጽፋችሁ ኑ» ይባላል፤ ሰኞ ደብተር ይሰበሰባል፤ በቀይ እስክርቢቶ ይታረማል፤ ማርክ ይሞላል። በዚህ ሁሉ ውስጥ ማስተማር የተባለው ሥራ መቼ እንደተሠራ ብትፈልጉ አታገኙትም። ርዕስ መስጠት ማዘዝ ነው፤ ማረም መመዘን ነው። ማስተማሩ ያለው በሁለቱ መሐል ነው፦ ልጁ ሐሳብ ሲፈልግ፣ ካገኘው ውስጥ ሲመርጥ፣ ሲያደራጅ፣ ረቂቅ ሲጽፍ፣ ከዚያም የጻፈውን ሰርዞ እንደገና ሲጽፍ። ይህ መመሪያ ያንን መሐል ለመሙላት የተዘጋጀ ነው።

የጻፍኩት ወሎ ውስጥ ለሚያስተምሩ የአማርኛ መምህራን ነው፤ ምሳሌዎቼም ከደሴ፣ ከባቲ፣ ከሐይቅ፣ ከኩታበርና ከደላንታ የተወሰዱ ናቸው። ክፍላችን ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። አንድ ክፍለ ጊዜ 40 ደቂቃ ነው፣ በአንድ ክፍል 50 ወይም 60 ልጅ ይቀመጣል፣ የ8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና ደግሞ ምርጫ ላይ ስለሚያተኩር «ፈተና ላይ ለማይመጣ ነገር ጊዜ አናጥፋ» የሚል ግፊት አለ። ስለዚህ በእነዚህ ሁኔታዎች ውስጥ የማይሠራ ምክር አልሰጥም። የምመክረው በአንድ ሴሚስተር ሁለት ድርሰት ብቻ ማጻፍ ነው፤ እያንዳንዱም በሦስት ሳምንት ውስጥ ስድስት ክፍለ ጊዜ ይወስዳል። ስምንት ጊዜ ተጽፎ ስምንት ጊዜ ከሚረሳ ድርሰት ይልቅ ሁለት ጊዜ ተጽፎ፣ ተነቦ፣ ፈርሶ እንደገና የተጻፈ ድርሰት ልጁን ያሳድገዋል።

ከመጀመራችሁ በፊት፦ ተማሪዎቻችሁን አንብቧቸው

በመጀመሪያው ሳምንት ግማሽ ወረቀት ስጡና «ከቤቴ እስከ ትምህርት ቤት ያለው መንገድ» በሚል ርዕስ ለ10 ደቂቃ ይጻፉ። ማርክ እንደሌለው አስቀድማችሁ ንገሯቸው። ስትሰበስቡ አታርሙት፤ ሦስት ነገር ብቻ ተመልከቱ። ልጁ ዐረፍተ ነገር ጀምሮ ይጨርሳል? አራት ነጥብ የት እንደሚያስቀምጥ ያውቃል? ስለ መንገዱ ጀምሮ ስለ መንገዱ ይጨርሳል ወይስ መሐል ላይ ስለ ጓደኛው ማውራት ይጀምራል? ወረቀቶቹን በእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ስትለዩ ክፍላችሁ የት እንደቆመ ይታያችኋል።

ባቲ፣ ከሚሴ ወይም ቃሉ አካባቢ ከሆናችሁ፣ ቤታቸው ኦሮምኛ የሚናገሩ ልጆች በክፍላችሁ ይኖራሉ። የእነዚህ ልጆች ሐሳብ ብዙ ጊዜ የተሟላ ነው፤ የሚቸግራቸው የጾታና የግሥ ስምምነት ነው። በሐሳብ ማሰባሰቢያው ጊዜ በፈለጉት ቋንቋ ይነጋገሩ፣ ማስታወሻም ይያዙ። ወደ አማርኛው ሲመጡ የሚሉት ነገር በእጃቸው ስላለ ትግሉ ከቃላቱ ጋር ብቻ ይሆናል።

ርዕሱን አጥብቡት

እዚህ ላይ ጊዜ ለማጥፋት አልሰስትም፤ ምክንያቱም መጥፎ ርዕስ የተሰጠው ልጅ ከዚያ በኋላ የምታስተምሩትን ሁሉ የሚያሳርፍበት ቦታ የለውም።

«የትምህርት ጥቅም»፣ «ሰላም ለሀገር ዕድገት»፣ «የሴቶች እኩልነት» የሚሉ ርዕሶችን ስንሰጥ ምን እንደሚመጣ ሁላችንም እናውቃለን። «ትምህርት የዕድገት መሠረት ነው። ያልተማረ ሰው ብዙ ነገር ያመልጠዋል። ስለዚህ ሁላችንም መማር አለብን።» ልጁ ሰነፍ ሆኖ አይደለም። በዚህ ርዕስ ላይ በእጁ ያለው ከሰልፍ ሜዳና ከቴሌቪዥን የሰማው የሌላ ሰው ዐረፍተ ነገር ብቻ ነው። የራሱ የሆነ ያየው፣ የነካው፣ የጠየቀው ነገር ስለሌለ የሰማውን ይመልስላችኋል።

ርዕስ ስትመርጡ ሦስት ጥያቄ ጠይቁ። ልጁ ይህን ነገር በዓይኑ አይቶታል? ስለ እሱ የሚጠይቀው ሰው በአቅራቢያው አለ? ጉዳዩ ሁለት ሰው ሊለያይበት ይችላል? ለተራኪና ለገላጭ ድርሰት የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ይበቃሉ፤ ለአመዛዛኝ ድርሰት (የሁለቱን ወገን ሐሳብ መዝኖ አቋም ለሚይዘው) ግን ሦስተኛው ግድ ነው።

ማጥበቡን ሰሌዳ ላይ ከልጆቹ ጋር ሥሩት። «ገበያ» ብላችሁ ጻፉ። ሰፊ ነው። «የባቲ ሰኞ ገበያ» በሉት። አሁንም ሰፊ ነው፤ ከደጋው ወርዶ፣ ከአፋር በኩል ወጥቶ የሚገናኘው ሰው፣ ከብቱ፣ እህሉ፣ ጨሌው፣ ቅመሙ በአንድ ገጽ አይገባም። «በባቲ ሰኞ ገበያ ግመል ሲሸጥ ገዢና ሻጭ እንዴት ይስማማሉ?» ስትሉ ባቲ ያደገ ልጅ ቀና ብሎ ያያችኋል። እናንተ የማታውቁትን ሊነግራችሁ ነው። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ድርሰት ማለት ለማያውቅ ሰው ማሳወቅ መሆኑን ልጁ የሚረዳው መምህሩ በእውነት የማያውቀውን ሲጽፍለት ነው።

ሌሎች ቦታዎችም እንዲሁ የራሳቸው አላቸው። ደሴ ላይ «ከጦሳ ተዳፋት የሚወርደው የክረምት ጎርፍ በሰፈራችን ምን ያደርጋል?»፣ ሐይቅ ላይ «ዓሣ ከሐይቁ ወጥቶ ሳህን ላይ እስኪደርስ በስንት ሰው እጅ ያልፋል?»፣ ደጋው ላይ «በልግ ሳይዘንብ ሲቀር ቤታችን ውስጥ ምን ይለወጣል?»፣ ደላንታ ውስጥ ባለችው ወገልጤናና አካባቢዋ «ኦፓል (የከበረ ድንጋይ) ፍለጋ መሄድ ለወጣቱ ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል?»፣ ኩታበርና ደሴ ዙሪያ «ባሕር ዛፍ በእርሻ መሬት ላይ መተከል አለበት?» የመሳሰሉትን መስጠት ይቻላል። የእናንተን አካባቢ እናንተ ታውቁታላችሁ። እንዲህ ያለ ርዕስ ሌላም ጥቅም አለው፦ ከስልክ ላይ ተገልብጦ ሊመጣ አይችልም።

አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። በ2014 ዓ.ም ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ድረስ ሲዘልቅ የዛሬዎቹ ተማሪዎቻችን ትንንሽ ልጆች ነበሩ። «የማልረሳው ቀን» የሚል ርዕስ ስትሰጡ ከመካከላቸው አንዱ ስለዚያ ጊዜ ሊጽፍ ይችላል። እንዲጽፍ አታስገድዱ፤ ከጻፈም አታስቁሙት። ሁልጊዜ ሁለተኛ ምርጫ የሚሆን ርዕስ ይኑር። እንዲህ ያለ ጽሑፍ ሲመጣ ያለ ልጁ ፈቃድ ክፍል ውስጥ እንዳይነበብ፣ የመጀመሪያው ምላሻችሁም ስለ ሥርዓተ ነጥብ እንዳይሆን።

በአፍ ይጀመር

ርዕሱ ከተመረጠ በኋላ እስክርቢቶ አታስነሡ። ልጆቹን ሁለት ሁለት አድርጋችሁ አቀማምጡ። አንዱ ስለ ርዕሱ 3 ደቂቃ ያወራል፤ ሌላው እየሰማ ሦስት ጥያቄ ብቻ ይጠይቃል፦ «እንዴት አወቅህ?»፣ «ለምን?»፣ «ምሳሌ ንገረኝ»። ከዚያ ተራ ይቀያየራሉ። ክፍሉ ይንጫጫል፤ ርዕሰ መምህሩ በበር ሲያልፉ ግር ሊላቸው ይችላል፤ ግድ የለም። ሲነጋገሩ ቆይተው «አሁን ለጓደኛህ ከነገርከው ውስጥ እሱን ያስገረመውን ነገር በአንድ መስመር ጻፍ» በሏቸው። ያቺ መስመር ብዙ ጊዜ የድርሰቱ ማዕከል ትሆናለች።

ዝም የሚሉ ልጆች፣ በተለይ ሴቶች ልጆች፣ በሙሉ ክፍል ፊት ተነሥተው የማይናገሩት በዚህ መንገድ ይናገራሉ። ጥንዶቹን ራሳቸው ይምረጡ፤ ሴቶቹ እርስ በርሳቸው መሆን ከፈለጉ ይሁኑ።

ቤት ሄደው ይጠይቁ

ቀጣዩ የቤት ሥራ መጻፍ ሳይሆን መጠየቅ ነው። እያንዳንዱ ተማሪ አራት ጥያቄ አዘጋጅቶ አንድ ትልቅ ሰው ጠይቆ ይመጣል። አባት፣ አያት፣ የሰፈር ነጋዴ፣ የቅሬው (የእድሩ) ዳኛ፣ ማንም ይሁን። ከመሄዳቸው በፊት አጠያየቁን አለማምዷቸው፤ ትልቅ ሰው በአክብሮት ይጠየቃል፣ መልሱም በሰውየው ቃል እንዳለ ይጻፋል። የጎረቤት ገመና ደብተር ላይ እንደማይሰፍርም ንገሯቸው።

ለዚህ የማወጣው ደንብ አለ፦ ቢያንስ ሦስት መረጃ ይዘው ይመጣሉ፤ አንዱ ቁጥር ያለው፣ አንዱ በራሳቸው ዓይን ያዩት፣ አንዱ ከትልቅ ሰው የሰሙት። ስለ ባሕር ዛፍ የሚጽፍ ልጅ ተክሉ ለአጣና እስኪደርስ ስንት ዓመት እንደሚፈጅ ይጠይቃል፤ ከቤታቸው ጀርባ ባለው ባሕር ዛፍ ሥር ምን እንደሚበቅልና ምን እንደማይበቅል ሄዶ ያያል፤ አያቱን ደግሞ ድሮ ያ ቦታ ምን ይታረስበት እንደነበር ይጠይቃል። ባሕር ዛፍ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በዐፄ ምኒልክ ዘመን መሆኑን እናንተ ጨምሩለት፤ አያቱ ከነገሩት ጋር ሲያገናኘው የራሱ መንደር ታሪክ ይሆንለታል።

ቢጋር

ቢጋር፣ ማለትም ከረቂቁ በፊት የሚሠራው የድርሰቱ ንድፍ፣ ከግማሽ ገጽ አይብለጥ። ብዙ መምህራን ቢጋርን እንደ ፎርም ያስሞሉታል፤ ልጁም ከጻፈ በኋላ ለመምህሩ ብሎ ይሞላዋል። እኔ የማስጽፈው አራት መስመር ብቻ ነው። አንደኛው መስመር ጥያቄው ነው፤ ሁለተኛው የልጁ መልስ፤ ሦስተኛውና አራተኛው ለመልሱ ያሉት ሁለት ምክንያቶች። በእያንዳንዱ ምክንያት ሥር ከሰበሰባቸው መረጃዎች የትኛው እንደሚገባ በሁለት ቃል ይጠቁማል። መረጃ ያልተገኘለት ምክንያት ይሰረዛል ወይም ልጁ ሌላ መረጃ ፍለጋ ይመለሳል። ይኸው ነው፤ ወደ አንቀጽ ሂዱ።

አንቀጽ፦ የሥራው ልብ

አንድ ልጅ አንድ ጥሩ አንቀጽ መጻፍ ከቻለ ድርሰት መጻፍ ይችላል። ስለዚህ ከስድስቱ ክፍለ ጊዜ ሁለቱን እዚህ ላይ አውሉ።

በመማሪያ መጻሕፍቱ ያለውን ትርጉም ልጆቹ በቃላቸው ያውቁታል፦ አንቀጽ አንድ ኃይለ ቃል (ዋናውን ሐሳብ የያዘ ዐረፍተ ነገር) እና እሱን የሚያብራሩ መዘርዝር ዐረፍተ ነገሮች አሉት። ችግሩ ትርጉሙን እያወቁ አለመጻፋቸው ነው። ትርጉሙን ከመድገም ይልቅ አንድ ደካማ አንቀጽ ሰሌዳ ላይ ጻፉና አብራችሁ አፍርሱት። ተማሪዎች ከሚጽፉት ጋር አመሳስዬ ያዘጋጀሁት ይኸውና፦

«ባሕር ዛፍ ጥሩ ነው። ባሕር ዛፍ ብዙ ጥቅም አለው። ለቤት ይሆናል ለማገዶ ይሆናል እንዲሁም ይሸጣል። ነገር ግን ጉዳትም አለው። ውሃ ይጠጣል። ስለዚህ ሁላችንም ዛፍ መትከል አለብን።»

«ምን ስሕተት አለው?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ «ነጠላ ሰረዝ ጎድሎታል» ብለው ይጀምራሉ። ይልቅ ስለ ነገሩ ጠይቁ። የማን ባሕር ዛፍ ነው? የት ነው የተተከለው? ለማን ተሸጠ? በገንዘቡ ምን ተገዛ? ውሃ እንደሚጠጣ በምን አወቅክ? ውሃ የሚጠጣ ከሆነ ታዲያ መጨረሻ ላይ «ሁላችንም እንትከል» ያልከው ለምንድን ነው? በእነዚህ ጥያቄዎች ልጆቹ ራሳቸው ሁለት ነገር ያገኛሉ፦ አንቀጹ ውስጥ ሁለት የሚጣሉ ሐሳቦች አሉ፤ ደግሞም አንድም ሰው፣ አንድም ቦታ የለበትም።

ከዚያ እናንተ ጠመኔ ይዛችሁ በፊታቸው እንደገና ጻፉት። ቀድሞ የተዘጋጀ ገልብጣችሁ እንዳይሆን፤ እየሰረዛችሁ፣ ቃል እየቀየራችሁ፣ «ይህ እዚህ ጋ አይሄድም» እያላችሁ ጻፉ። ልጆች የተጠናቀቀ ጽሑፍ እንጂ ትልቅ ሰው ሲጽፍ አይተው አያውቁም። መጨረሻ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ይወጣል፦

«ከቤታችን ጀርባ ያለው ባሕር ዛፍ በክፉ ጊዜ ለቤተሰባችን ደርሶልናል። አባቴ የተከለው እህል በማይበቅልበት ገደላማ መሬት ላይ ሲሆን፣ ለአጣና እስኪደርስ 5 ዓመት ፈጅቷል። ባለፈው ዓመት በልግ ሳይዘንብ ቀርቶ ገብሱ ሳይደርስ ሲቀር፣ አጣናውን ለነጋዴ ሸጠን እህል ገዛንበት። ከተቆረጠው ጉቶ ላይ ደግሞ አዲስ ቅርንጫፍ ስላቆጠቆጠ፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ እንደገና እንቆርጠዋለን።»

አሁን ኃይለ ቃሉን አስምሩበት። «ሌሎቹ ዐረፍተ ነገሮች በሙሉ ይህችን ያግዛሉ?» ብላችሁ አንድ በአንድ ፈትሹ። ውሃ መጠጣቱ የት ሄደ? ለሌላ አንቀጽ ተቀመጠ። «ሁላችንም እንትከል» የሚለውስ? ወጣ፤ ምክንያቱም የአንድ ቤተሰብ ገደላማ መሬት ለሁሉም ሰው ማስረጃ አይሆንም።

ለልምምድ ወረቀት ቆራርጣችሁ የአንድን አንቀጽ ዐረፍተ ነገሮች በየቁራጩ ጽፋችሁ ለየቡድኑ ስጡ፤ ቅደም ተከተሉን ያስተካክሉ። በሌላ ቀን አንድ ባዕድ ዐረፍተ ነገር ቀላቅሉበትና ፈልገው ያውጡት። ያረጀ የፈተና ወረቀት ጀርባው ለዚህ ይበቃል። ሦስተኛው ልምምድ ይበልጥ ይከብዳል፦ ኃይለ ቃል የሌለው አንቀጽ ሰጥታችሁ ኃይለ ቃሉን እነሱ ይጻፉለት።

አማርኛ የሚፈልጋቸው ነገሮች

ዐረፍተ ነገር ላይ ስትሠሩ፣ በአማርኛ ለሚጽፍ ልጅ የተለዩ ሦስት ችግሮች ይገጥሟችኋል።

የመጀመሪያው የማያልቅ ዐረፍተ ነገር ነው። ማሰሪያ አንቀጹ (ዐረፍተ ነገሩን የሚዘጋው ግሥ) መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ ልጁ «ተነሥቼ ፊቴን ታጥቤ ቁርሴን በልቼ ደብተሬን ይዤ ወጥቼ ጓደኛዬን ጠርቼው አብረን ሄደን…» እያለ ይወርዳል፤ ማሰሪያው ሲደርስ ባለቤቱ ማን እንደነበር ጠፍቶታል። ቀላል ደንብ ስጡት፦ በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ «-ቼ፣ -ቶ፣ -ተን» ብሎ የሚያልቅ ግሥ ከሦስት አይብለጥ፤ ከዚያ ቋጭና አራት ነጥብ አድርግ። ጽሑፉን ድምፁን አውጥቶ ያንብበው፤ ትንፋሽ ያጠረው ቦታ ላይ ዐረፍተ ነገሩ ረዝሟል።

ሁለተኛው የአክብሮት መዋዠቅ ነው። «አያቴ እንዲህ ብለው ነገሩኝ» ብሎ ይጀምርና ሁለት መስመር ወርዶ «እሱ በልጅነቱ» ይላል። በሚናገርበት ጊዜ አይሳሳትም፤ ሲጽፍ ግን ይዘነጋል። ቤቱ አያቱን «አንተ» የሚል ልጅ «አንተ» እንዳለ ይጻፍ፤ «እርስዎ» የሚልም እንደዚያው። የሚፈለገው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ሆኖ መዝለቁ ነው። ጊዜውም እንዲሁ፤ «ሄድን» ብሎ ጀምሮ «እንገባለን» እንዳይል።

ሦስተኛው አያያዥ ቃላት ናቸው። ብዙዎቹ ልጆች «እና»፣ «ከዚያም»፣ «እንዲሁም» በሚሉት ብቻ ይኖራሉ፤ ወይም ደግሞ «ስለዚህ» የሚለውን ምክንያት በሌለበት ሁሉ ይሰኩታል። በትርጉም ለይታችሁ አስተምሩ፦ ምክንያት ለማሳየት «ምክንያቱም፣ በመሆኑም፣ ስለዚህ»፤ ለተቃርኖ «ነገር ግን፣ ይሁን እንጂ፣ በሌላ በኩል»፤ ምሳሌ ለማምጣት «ለምሳሌ፣ በተለይ»። ከዝርዝሩ ይልቅ የሚጠቅመው ፈተናው ነው፦ «ስለዚህ» ባለበት ቦታ ሁሉ «ከምን የተነሣ?» ብለህ ጠይቅ፤ ከፊቱ መልስ ከሌለ አውጣው።

መግቢያና መደምደሚያ በመጨረሻ

መግቢያ መጀመሪያ ላይ ይነበባል እንጂ መጀመሪያ ላይ መጻፍ የለበትም። ልጁ ሁለቱን ወይም ሦስቱን የሐተታ አንቀጾች ጽፎ ሲጨርስ ስለ ምን እንደጻፈ ያውቃል፤ ያኔ መግቢያው ይቀለዋል። «ገበያ ማለት ሰዎች የሚገበያዩበት ቦታ ማለት ነው» ከሚለው የትርጉም አጀማመር ጋር ጽኑ ትግል ግጠሙ። ገበያ ምን እንደሆነ የማያውቅ አንባቢ የለም። በምትኩ ያየውን አንድ ነገር ወይም ሊመልሰው ያሰበውን ጥያቄ ይዞ ይግባ፤ ሦስት ዐረፍተ ነገር ይበቃዋል።

በመደምደሚያ ደግሞ «ሁላችንም ተባብረን ልንረባረብ ይገባል» የሚለው ይቅር። ማን፣ ምን፣ የት ያድርግ? «የቀበሌያችን አስተዳደር ከክረምት በፊት የሰፈራችንን የጎርፍ ቦይ ቢያስጠርግ» ብሎ የሚጨርስ የደሴ ልጅ ስለሚያውቀው ነገር ለሚመለከተው ሰው ተናግሯል።

አመዛዛኝ ድርሰት፦ ለሁለተኛው ሴሚስተር

ተራኪና ገላጭ ድርሰት ሳይለምዱ ወደዚህ አትግቡ፤ ለ8ኛ ክፍል ሁለተኛ ሴሚስተር አቆዩት። ልጆች ክርክር ማለት መሸናነፍ ይመስላቸዋል፤ ስለዚህ ተቃራኒውን ሐሳብ ጨርሶ አያነሡም፣ ካነሡትም ደካማ አድርገው ያቀርቡታል። እዚህ ላይ ቤታቸው ያዩትን ሽምግልና ማስታወስ በጣም ይረዳል። ሽማግሌዎች ዛፍ ሥር ሲቀመጡ ከሳሽን ብቻ ሰምተው አይነሡም፤ ተከሳሽም ይናገራል፣ ምስክር ይጠራል፣ ፍርዱ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ድርሰቱንም በዚሁ ቅደም ተከተል አስጀምሯቸው።

የኦፓሉን ርዕስ እንውሰድ። አንድ ልጅ «ትምህርት አቋርጦ ኦፓል ፍለጋ መሄድ ጎጂ ነው» የሚል አቋም ያዘ እንበል። መጀመሪያ ለተቃራኒው ወገን ጠበቃ ሆኖ አንድ አንቀጽ ይጻፍ፦ መሬቱ ጠባብ ነው፣ ተምረው ሥራ ያጡ ታላላቆች አሉ፣ አንድ ጥሩ ድንጋይ ያገኘ ወጣት ለቤተሰቡ ቤት ሊሠራ ይችላል። ይህን አንቀጽ ለጎኑ ጓደኛ ያሳየው፤ ጓደኛው «እውነት ነው፣ እኔም እንደዚያ አስባለሁ» ካላለ አንቀጹ ገና አልጠነከረም። ከዚያ በኋላ የራሱን ምክንያቶች ያመጣል፦ ጉድጓዱ ይናዳል፣ ድንጋዩ ሳይገኝ ወራት ያልፋሉ፣ የሚገኘውም ዋጋውን የሚያውቅ ነጋዴ እጅ ላይ ይወድቃል። የተቃራኒውን ጠንካራ ምክንያት ሳይመልስ የሚያልፍ ድርሰት አትቀበሉት።

ከመጻፉ በፊት የአንድ ክፍለ ጊዜ ክርክር ብታደርጉ መልካም ነው። በክርክሩ አጋማሽ ላይ ወገን አስቀይሯቸው። ደጋፊ የነበረው ተቃዋሚ ሲሆን መጀመሪያ ይስቃሉ፣ ከዚያ ማሰብ ይጀምራሉ።

እርማት ሳይጎዳችሁ

60 ደብተር ለእያንዳንዱ 5 ደቂቃ ብትሰጡት 5 ሰዓት ነው። ሁለትና ሦስት ክፍል የምታስተምሩ ከሆነ ማንም ይህን አይችለውም። በዚህ ምክንያት ድርሰት የማያጽፉ ባልደረቦችን ሰነፍ ማለት አግባብ አይደለም፤ መንገዱን መቀየር ነው የሚያስፈልገው።

በመጀመሪያው ረቂቅ ላይ ቀይ እስክርቢቶ አይንካው። ልጆቹ ረቂቃቸውን ተለዋውጠው ሁለት ጥያቄ ይመልሳሉ፦ «ከዚህ ጽሑፍ የማላውቀውን ምን አወቅኩ?»፣ «የት ቦታ ላይ ግራ ገባኝ?»። «ጥሩ ነው»፣ «መጥፎ ነው» የሚል አስተያየት አይፈቀድ። እናንተ በእያንዳንዱ ዙር 15 ደብተር ብቻ ትወስዳላችሁ፤ በሚቀጥለው ዙር ሌላ 15። በአራት ዙር ሁሉም ይደርሳቸዋል።

የምታነቡትንም በሙሉ አታርሙ፤ ምልክት አድርጉ። ኃይለ ቃል ለጎደለው አንቀጽ ዳር ላይ «ኃ»፣ ምሳሌ ለሚፈልግ ሐሳብ የመደመር ምልክት፣ ላልገባችሁ ቦታ የጥያቄ ምልክት። አርሞ የሚያስተካክለው ልጁ ነው። ከዚያ ብዙ ልጅ የተሳሳተውን አንድ ነገር መርጣችሁ፣ የማን እንደሆነ ሳትናገሩ፣ ሰሌዳ ላይ አውጥታችሁ ለ10 ደቂቃ አስተምሩበት።

ፊደልና ሥርዓተ ነጥብ የሚታየው በሁለተኛው ረቂቅ ነው። ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ ሰና ሠ፤ አና ዐ፤ ጸና ፀ ላይ ማርክ አትቁረጡ፤ አንዱን ቃል በአንድ ጽሑፍ ውስጥ በአንድ ዓይነት ፊደል መጻፉ ይበቃል። ይልቅ «ሄዱዋል» ለሚለው «ሄዷል»፣ «ስለአለ» ለሚለው «ስላለ» የሚሉትን አስለምዷቸው። ነጠላ ሰረዝና ድርብ ሰረዝን መለየትም በዚህ ዕድሜ ይቻላል፦ በዝርዝር መሐል ነጠላ ሰረዝ፣ ራሳቸውን ችለው ሊቆሙ በሚችሉ ተዛማጅ ዐረፍተ ነገሮች መሐል ድርብ ሰረዝ።

ማርኩን ከ20 አድርጉትና አከፋፈሉን ከመጻፋቸው በፊት ሰሌዳ ላይ ለጥፉ። እኔ የምከፍለው ለሐሳብና ለማስረጃ 7፣ ለአደረጃጀት 5፣ ለዐረፍተ ነገርና ለቃላት 4፣ ለፊደልና ለሥርዓተ ነጥብ 2፣ ከመጀመሪያው ረቂቅ እስከ ንጹሕ ቅጂ ላሳየው ለውጥ 2 እያልኩ ነው። ረቂቁ ከንጹሑ ቅጂ ጋር አብሮ ካልቀረበ የመጨረሻዎቹን ሁለት አልሰጥም፤ ይህ ደንብ ብቻውን ልጆቹ ረቂቅ እንዳይጥሉ አድርጓል።

ስለ ጊዜው

ዕቅዳችሁን ስትሠሩ የአካባቢውን አቆጣጠር አትርሱ። በገበያ ቀን የሚቀሩ ልጆች አሉ፤ ባቲ ላይ ሰኞ ረቂቅ ለማጻፍ ማቀድ ግማሹን ክፍል ማጣት ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ አጨዳና ውቂያ ነው፤ በዚያ ጊዜ የአንቀጽ ልምምድ እንጂ ተከታታይ ሥራ የሚጠይቅ ድርሰት አትጀምሩ። ዓርብ የጁምዓ ሰላት ሰዓት ላይ የሚያርፍ ክፍለ ጊዜ ካላችሁም ክርክሩንና ክፍል ውስጥ የሚጻፈውን ረቂቅ ወደ ሌላ ቀን አዙሩት።

ከተጻፈ በኋላ

ንጹሑ ቅጂ ማርክ ተሞልቶበት ቦርሳ ውስጥ ገብቶ እንዳይቀር። በየድርሰቱ አራት አምስት የሚሆኑትን በሚኒ ሚዲያ ሰልፍ ላይ አስነብቡ፤ የጎበዞቹን ብቻ ሳይሆን ከረቂቅ እስከ ንጹሕ ቅጂ ብዙ የተለወጠውንም ጨምሩ። መረጃ የሰጡት ትልልቅ ሰዎች ድርሰቱ እንዲነበብላቸው ልጆቹን ወደ ቤት ላኩ፤ አያት ያልተስማሙበትን ቦታ ነግረውት ቢመለስ ልጁ አንድ ማስተካከያ አገኘ ማለት ነው። የቀሩትን በወረዳ ወይም በርዕስ ለይታችሁ በክር ሰፍታችሁ ለትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ስጡ፤ በሚቀጥለው ዓመት ስለ ባቲ ገበያ ወይም ስለ በልግ የሚጽፉ ልጆች እንደ መረጃ ያነቡታል። የ7ኛ ክፍል ተማሪዎቻችሁ ወደ 8ኛ ሲያልፉ ደግሞ ከየልጁ አንድ ረቂቅና አንድ ንጹሕ ቅጂ አያይዛችሁ ለሚቀበላቸው መምህር አስረክቡ፤ እሱም መስከረም ላይ ከየት እንደሚጀምር ያውቃል።